የቪክስበርግ ዋሻዎች

በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ የምትባል ከተማ አለች። በዚያን ዘመን ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ከከተማዪቱ ፊት እንደ ማጭድ ታጥፎ ያልፍ ነበር፤ እርሷም በምሥራቁ ዳር ከፍ ባለ ኰረብታ ላይ ተቀምጣ መርከብ ሲወጣና ሲወርድ ቍልቍል ትመለከት ነበር። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሱ በተዋጋበት ጊዜ፣ በ1863 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከሜይ 18 ቀን እስከ ጁላይ 4 ቀን ድረስ ይህች ከተማ በየብስና በውኃ ተከባ ቈየች። 47 ቀን ሙሉ ከሕዝቧ ብዙው ቤቱን ባዶ ጥሎ፣ የመናኝ አሳብ ሳይኖረው እንደ መናኝ በዋሻ ተቀመጠ።

የጦር ሰዎች ስለ ቪክስበርግ የጻፉት መጽሐፍ ብዙ ነው። ምሽጉ በየት በኩል እንደ ነበረ፣ መድፉ ስንት እንደ ነበረ፣ ማን ማንን በየት እንደ ቀደመው በዝርዝር ተጽፏል። ዳሩ ግን ጠመንጃ ያልያዘው ሰው በከበባው ውስጥ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ሌሊቱን እንዴት አነጋው፣ የተጠጋበትንስ ዋሻ ማን ቈፈረለት የሚለው ነገር የተገኘው አብዛኛውን ከሴቶችና በዚያን ጊዜ ልጆች ከነበሩት ሰዎች ማስታወሻ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቈጠር የቪክስበርግ ነዋሪ ከ5,000 ያነሰ ነበር። ከተማዪቱ የከበረችው በጥጥ ንግድ ነው፤ ጥጡን የሚዘራው፣ የሚኰተኵተውና የሚለቅመው ግን ባለጠጋው አልነበረም። ከተማዪቱ ባለችበት በዋረን አውራጃ ከተቈጠረው 20,696 ሰው ውስጥ 13,763ቱ ባሮች ነበሩ። ይህን ቍጥር ሳያስቡ የቪክስበርግን ታሪክ ማንበብ ምሰሶውን ትቶ ጣሪያውን ብቻ እንደ መመልከት ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ የከተማዪቱ ሰዎች ጦርነቱን የፈለጉ አልነበሩም። ንግዳቸው በወንዙ ላይ ስለ ሆነና ወንዙ ከሰሜን ስለሚመጣ፣ ከሰሜን ጋራ መቈራረጥ ምን እንደሚያስከትልባቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለግዛቱ ጉባኤ እንደራሴ ሲመርጡ፣ ከኅብረቱ በችኰላ መውጣትን የሚቃወሙትን መረጡ። ጉባኤው ግን በጃንዋሪ 9 ቀን 1861 ዓ.ም. ሚሲሲፒ ከኅብረቱ እንድትለይ ወሰነ፤ የመለየቱንም ምክንያት በጽሑፍ ሲገልጥ የባርነትን ሥርዓት ለመጠበቅ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ የቪክስበርግም ሰዎች ልጆቻቸውን ለደቡብ ጦር ሰጡ። ቸኩሎ ያልጀመረውን ጠብ ጸንቶ የሚዋጋ ሰው ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በ1862 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ከወንዙ በታች ያለችው ኒው ኦርሊንስ በሰሜኖች እጅ ወደቀች። በሜይ ወር የሰሜኖች መርከቦች ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ቪክስበርግ እጇን እንድትሰጥ ጠየቁ፤ አለቆቿ እንቢ ባሉ ጊዜ መድፍ መተኰስ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ዋሻዎች የተቈፈሩት ያን ጊዜ ነው። የቪክስበርግ ኰረብታዎች አፈር ነፋስ በጥንት ዘመን አምጥቶ የከመረው፣ እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ አፈር ነው። በዶማ ለመቈፈር አያስቸግርም፤ ነገር ግን ቀጥ አድርገው ሲቈርጡት እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል እንጂ አይናድም። መርከቦቹ በጁላይ ወር መጨረሻ ተመልሰው ሲሄዱ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ተመልሶ ዋሻዎቹን እንደ ቀልድ ያያቸው ጀመር። በዚያው ዓመት በልደት ዋዜማ በዶክቶር ባልፉር ቤት ታላቅ የዘፈን ግብዣ ሆኖ፣ መኰንኖቹና ወይዛዝርቱ ሲጨፍሩ፣ የሰሜኖች መርከቦች እየወረዱ ነው የሚል መልእክት ደረሰ። ሙዚቃው ቆመ፤ ወንዶቹም በግብዣ ልብሳቸው እንዳሉ ወደ ምሽጋቸው ሮጡ።

ወራት አለፉ። ጄኔራል ግራንት በምዕራቡ ዳር ሆኖ መሻገሪያ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ደከመ። በመጨረሻ በየትኛው ወደብ ቢሻገር ከወንዙ ዳር ወደ ደጋው የሚያወጣ ደኅና መንገድ እንደሚያገኝ የነገረው ከአውራጃው ባሮች አንዱ እንደ ሆነ ራሱ ግራንት በማስታወሻው ጽፏል። የሰውዬውን ስም ግን አልጻፈም። በአፕሪል 30 ቀን 1863 ዓ.ም. ሠራዊቱ ብሩንስበርግ በምትባል ስፍራ ተሻገረ፤ ከዚያም በ17 ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ተዋግቶ አምስቱንም ጊዜ አሸነፈ።

ሜይ 17 ቀን እሑድ ነበር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድል የሆነው የደቡብ ጦር አቧራ ለብሶ፣ ግማሹ ጠመንጃውን ጥሎ፣ እንደ ፈረሰ ግድብ ውኃ ወደ ከተማው ሲገባ አገኘው። ሴቶቹ ባልዲ ሙሉ ውኃ እየያዙ ወደ መንገድ ወጥተው አጠጧቸው፤ አንዳንዶቹም እየሰደቡ አጠጧቸው። በማግሥቱ የከተማዪቱ በር ተዘጋ። በውስጧ 30,000 ያህል ወታደርና ጥቂት ሺህ ነዋሪ ቀሩ። በውጭ የነበረው የግራንት ጦር በከበባው መጨረሻ ከ70,000 በላይ ሆነ፤ በወንዙም ላይ የአድሚራል ፖርተር መርከቦች ነበሩ።

ግራንት በሜይ 19 እና በሜይ 22 ቀን ምሽጉን በግፊያ ለመያዝ ሞክሮ ብዙ ሰው አለቀበት። ከዚያ በኋላ አካፋና ረኃብን የጦር መሣሪያ አድርጎ ተቀመጠ። ከወንዙ ማዶ በጀልባ ላይ የተጫኑ አጫጭርና ወፋፍራም መድፎች ጥይታቸውን ወደ ሰማይ እየወረወሩ በከተማዪቱ ላይ ያወርዱት ጀመር፤ ከእነዚህ አንዱ ጥይት 90 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በሌሊት ፈትሉ እየነደደ ሲመጣ እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ይታያል። ሰዎቹ በዋሻ ደጃፍ ተቀምጠው ይመለከቱታል፤ ወደ ጎን ሲሄድ የታየው ጥይት የሌላ ሰው ነው፤ በአንድ ስፍራ እንደ ቆመ ሆኖ እየጐላ የሚሄደው ግን ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ነውና ያን ጊዜ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

እንግዲህ ዋሻ መቈፈር የከተማው ዋና ሥራ ሆነ። የአንድ መኰንን ሚስት የነበሩት ወይዘሮ ሜሪ ሎፍቦሮ በ1864 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ዋሻ የሚቈፍሩት ጥቍሮች ነበሩ፤ ዋጋውም እንደ ዋሻው ስፋት ከ30 እስከ 50 ዶላር ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው የራሱን ዶማ ያዘ፤ ባሮች ያሉት ጌታ ደግሞ ባሮቹን አዘዘ። በዚህ ዓይነት ከ500 የሚበልጥ ዋሻ ተቈፈረ ይባላል። ከውጭ ሆነው የሚያዩት የሰሜን ወታደሮች ከተማዪቱን በሜዳ ጕድጓድ እየማሱ በሚኖሩ ትናንሽ አውሬዎች መንደር እየመሰሉ ይሥቁባት ነበር።

ዋሻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የድኻው ዋሻ ሰው ጐንበስ ብሎ የሚገባበት አንድ ጕድጓድ ነው። የባለጠጋው ግን ሁለትና ሦስት ክፍል ያለው፣ ወለሉ ሥጋጃ የተነጠፈበት፣ አልጋ፣ ወንበርና መስተዋት የገባበት፣ በግድግዳውም ላይ መጽሐፍና ሻማ የሚቀመጥበት መደርደሪያ የተፈለፈለለት ነበር። አስተዋይ ሰው ሁለት በር ያበጅለታል፤ አንደኛው ቢደፈን በሁለተኛው ለመውጣት ነው። በዚህ ሁሉ ግን እርጥበቱ፣ ሙቀቱና የሰው ትንፋሽ ከጥይቱ ይልቅ ያስመርሩ ነበር። ዝናም ሲዘንብ አፈሩ ይረጥባል፤ እባብም ጥላ ፍለጋ ይገባል። ከመኝታ ሥር እባብ የተገኘበት ቤተ ሰብ ነበር። ከታወቀ ቤት የተወለደ አንድ ሕፃን በዋሻ ውስጥ ዐይኑን ቢገልጥ ወላጆቹ ከመጀመሪያ ስሙ ቀጥለው በእንግሊዝኛ ከበባ ማለት የሆነውን ስም ጨመሩለት።

በከተማዪቱ ከነበሩት ካህናት አንዱ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ቄስ ዊልያም ሎርድ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የኤጲስቆጶሳውያን ሲሆን፣ በ1839 ዓ.ም. የማዕዘኑን ድንጋይ ያኖሩት ጳጳስ ሊዮኒዳስ ፖልክ ናቸው። ጳጳሱ ጦርነቱ ሲጀመር መስቀላቸውን ሳያስቀምጡ ሰይፍ ታጥቀው የደቡብ ጄኔራል ሆኑና በ1864 ዓ.ም. በመድፍ ጥይት ሞቱ። ቄስ ሎርድ ግን በደወላቸው ጸኑ። መድፉ መጀመሪያ ሲከፈት ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋራ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተጠጉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ እናቲቱ የምታለቅሰውን ትንሽ ልጃቸውን እግዚአብሔር ይጠብቀናል እያሉ ሲያባብሏት፣ ሕፃኒቱ እግዚአብሔርም ራሱ ተገድሎ እንዳይሆን እንደ ፈራች ነገረቻቸው። ይህን ታሪክ የቄሱ ልጆች አድገው ከሸመገሉ በኋላ አልረሱትም ነበር።

ቤተ ሰቡ ከዚያ ወደ ዋሻ ተዛወረ፤ በዚያም ብዙ ቤተ ሰብ ከነአገልጋዮቹ፣ ነጩና ጥቍሩ፣ ታላቁና ታናሹ እንደ ታሰረ ነዶ ተጠጋግቶ ያድር ነበር። በሰላም ጊዜ በአንድ ገበታ መቀመጥ ነውር ነው ይሉ የነበሩ ሰዎች እነሆ የአንድ ጕድጓድ አየር ተካፍለው ተነፈሱ። ቄስ ሎርድ ግን በየቀኑ ከዋሻው እየወጡ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዱ ነበር። አገልጋይ ስላልነበረ ደወሉን ራሳቸው ይደውላሉ፤ ልብሰ ክህነታቸውንም ለብሰው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ይሰብካሉም። የሚሰማቸው ከምሽግ የመጣ፣ ፊቱ በባሩድ የጠቈረ ወታደርና ከዋሻ የወጡ ጥቂት ሴቶች ናቸው። በካቶሊኮች በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕዝቡ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ጥይት ወድቆ የቈሰሉ ነበሩ። ሆኖም ደወሉ አልቆመም። የከተማው ሰው ከዋሻው ደጃፍ ሆኖ ደወሉን ሲሰማ ቢያንስ ቄሱ ያን ቀን በሕይወት እንዳሉ ያውቅ ነበር።

በመድፉም ዘንድ አንድ ሥርዓት ነበረ። ተኳሾቹ ቁርሳቸውን፣ ምሳቸውንና ራታቸውን ለመብላት ጥቂት ያርፉ ነበርና፣ ሕዝቡ ይህን ጊዜ እንደ ሰዓት ደወል ለመደው። በዚያች ዕረፍት ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ይነዳል፣ ጐረቤት ይጠየቃል፣ የሞተም ይቀበራል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ፀሓይ ያወጣሉ፤ ልጆቹም የጥይት ስብርባሪ ይለቅማሉ። ሰው ለሞት እንኳ ልማድ ሲያበጅለት ማየት ከሞቱ ይልቅ ያስፈራል።

ወይዘሮ ሎፍቦሮ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ጆርጅ የሚባል አገልጋይም ነበራቸው። በመጽሐፋቸው የሚጠራው በዚህ በአንድ ስም ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት በዋሻው አፍ ላይ ተጋድሞ ያድር ነበር፤ ይህም ማለት የሚመጣው ነገር ሁሉ አስቀድሞ እርሱን ያገኛል ማለት ነው። አንድ ቀን ሰዎቹ በዋሻው ውስጥ ተሰብስበው ሳሉ ጥይት መጥቶ ከመካከላቸው ወደቀ፤ ፈትሉም ይጨስ ነበር። ሁሉም ዐይኑን በጥይቱ ላይ ተክሎ፣ እናቲቱም ልጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ የሚናገርም የሚንቀሳቀስም ሰው ጠፋ። ጆርጅ ብቻ ዘሎ ጥይቱን በእጁ አነሣና ወደ መንገድ ወረወረው። ፈትሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበርና ሳይፈነዳ ቀረ።

ይህን ያደረገው ሰው በሕግ ዕቃ ነበረ። የዚያች አገር ሕግ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ ለዕዳ ሊያስይዘው ይፈቅድ ነበር። ከከተማው ውጭ የቆመው ጦር ቢገባ ነጻ ይወጣል፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ዓ.ም. ፕሬዚደንት ሊንከን በደቡቦች እጅ ባለው አገር ያሉት ባሮች ነጻ እንዲሆኑ አውጇልና። ስለዚህ የሚወድቀው ጥይት ለእመቤቲቱ የጠላት ጥይት ሲሆን፣ ለጆርጅ ግን ሊገድለው የሚችል የወዳጅ ጥይት ነበረ። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ መጽሐፉ አይናገርም። በዋሻው ውስጥ ግን ሕፃን ነበረች።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልቀናውም። አንዲት እናት ልጇን በዋሻው ውስጥ አስተኝታ ሳለች ከባድ ጥይት ጣሪያውን አፈር ሰንጥቆ ገብቶ የተኛውን ሕፃን ገደለው። ታሪክ ጸሐፊዎች በከበባው የተገደሉትን የከተማ ነዋሪዎች ከ20 በታች ይገምቷቸዋል። ያን ያህል ጥይት ለወረደባት ከተማ ይህ ቍጥር ትንሽ ነው፤ የትንሽነቱም ምክንያት ያ ቢጫ አፈርና የቈፈሩት ሰዎች ክንድ ነው።

ረኃቡ ግን ዋሻ አይከለክለውም። ንጉሥ ቤን ሀዳድ ሰማርያን በከበበ ጊዜ የአህያ ራስ በስንት ብር እንደ ተሸጠ በመጽሐፈ ነገሥት ያነበበ ሰው የቪክስበርግን ገበያ በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ የስንዴ ዱቄት አለቀ። ቀጥሎ የጦሩ ሹማምንት ለከብት የሚዘራውን አተር አስፈጭተው ከበቆሎ ዱቄት ጋራ እያስለወሱ ዳቦ አስጋገሩ። ይህ ዳቦ በጋገሩት ቍጥር ውጭው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ የበላው ሁሉ በሆድ ሕመም ተሠቃየ። በጁን ወር መጨረሻ የበሬና የዐሣማ ሥጋ ሲያልቅ በቅሎ እየታረደ ይታደል ጀመር። ንጹሕ ውኃም እንደ ምግቡ ተወደደ፤ የዝናም ውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ቤት በርሜሉን እንደ ግምጃ ቤት ይጠብቅ ነበር።

በዚህም መካከል እህል ደብቀው ዋጋ የሚሰቅሉ ነጋዴዎች አልጠፉም። ጋዜጣው ገሠጻቸው፤ ሕዝቡ ረገማቸው። አንድ ሌሊት በንግዱ ሰፈር ትልቅ እሳት ተነሥቶ ብዙ መደብር በላ፤ እሳቱን የለኰሰው የተራበ ሰው እጅ እንጂ የሰሜኖች ጥይት አይደለም ተብሎ ተወራ።

የወይዘሮ ሎፍቦሮ ሕፃን ልጅ ታመመች። አንድ ወታደር እንድትጫወትበት ብሎ አንዲት ወፍ ይዞ መጣላት፤ ሕፃኒቱም ለጥቂት ጊዜ ተጫወተችባት። ወዲያው ግን ልጅቱ ደከመች። በቤቱ የምታገለግለው ጥቍር ሴት ወፏን ሾርባ ላድርጋት ብላ ጠየቀች፤ እናቲቱም አመንትተው ፈቀዱ። ጥቂት ቈይታ ሾርባውን በሣህን አድርጋ፣ በመካከሉም የወፏን ነጭ ሥጋ አኑራ አመጣች። ልጅቱ ዳነች። በብዙ ሺህ ሰው ጦርነት ታሪክ ውስጥ ይህ ኢምንት ነገር ነው፤ በዚያች ዋሻ ውስጥ ግን ከዚያ ቀን የሚበልጥ ቀን አልነበረም።

ከከተማዪቱ ሰዎች ሁሉ ዋሻ ያልገቡም ነበሩ። ዶራ ሚለር የሚባሉ ወይዘሮ በልባቸው የሰሜኖች ወገን ሆነው በደቡቦች መካከል ተቀምጠው ነበር፤ በየቀኑም በምሥጢር ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ደራሲው ጆርጅ ኬብል ይህን ማስታወሻ በ1885 ዓ.ም. ስማቸውን ሳይገልጥ አሳተመው። ወይዘሮዋ በሕይወት ሳሉ መቀበርን ስለ ፈሩ በቤታቸው ምድር ቤት መቀመጥን መረጡ። በነጭ ሰንደቅ ከከተማው ለመውጣት ቢለምኑ አልተፈቀደላቸውም። የሚያድነኝ ብለው የሚጠብቁት ጦር ቀንና ሌሊት በቤታቸው ላይ ጥይት ያወርዳል፤ የሚከላከልላቸው ጦር ደግሞ አሳባቸውን ቢያውቅ ጠላት ይላቸዋል። ሥጋ ለመግዛት እየተደበቀች ወደ ገበያ የምትሄድ ማርታ የምትባል አገልጋይ ነበረቻቸው፤ አንድ ቀን ተመልሳ ከበቅሎ ሥጋ ጋራ የተገፈፈ አይጥ ተሰቅሎ ሲሸጥ ማየቷን ነገረቻቸው። እዚህም ቢሆን ጥይቱን ተጋፍጣ ወደ ገበያ የምትወጣው ማርታ ናት።

ያን ሰሞን ከወንዙ በላይ በሚሊከን ቤንድ፣ በጁን 7 ቀን፣ ሌላ ነገር ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በፊት በጥጥ እርሻ ላይ ባሮች የነበሩ ሰዎች፣ ጠመንጃ በተሰጣቸው በጥቂት ቀን፣ የደቡብ ጦር መጥቶ ቢወጋቸው በጠመንጃቸው አፈ ሙዝና በሰደፉ ተዋግተው ስፍራቸውን ሳይለቁ ቀሩ። ብዙዎቹም በዚያው ወደቁ። ጥቍር ሰው አይዋጋም ይሉ የነበሩ የሰሜን መኰንኖች ከዚያ ቀን በኋላ ቃላቸውን ለወጡ።

በከተማዪቱ የሚታተመው ዴይሊ ሲቲዝን የተባለው ጋዜጣ ወረቀት ባለቀበት ጊዜ የቤት ግድግዳ የሚለበጥበትን አበባ ያለበት ወረቀት እየቈረጠ በጀርባው ያትም ነበር። ባለቤቱ ሶርድስ የሚባል ሰው ቧልት ያውቃል። በጁላይ 2 ቀን እትሙ ላይ ግራንት የነጻነታቸውን በዓል በቪክስበርግ ምሳ በልቶ ሊያከብር አስቧል መባሉን ጠቅሶ፣ ጥንቸል ለመብላት አስቀድሞ ጥንቸሉን መያዝ ያስፈልጋል በሚል አነጋገር ቀለደበት። የፊደሉ ገበታ እንደ ተዘጋጀ ከማተሚያው ላይ ቀረ።

ወታደሩ ግን ከዚያ በፊት ልቡ ዝሎ ነበር። በጁን 28 ቀን ለጄኔራል ፔምበርተን፣ ፈራሚው ብዙ ወታደሮች የሚል ደብዳቤ ደረሰው፤ ቃሉም ልትመግበን ካልቻልህ እጅህን ስጥ የሚል ነበር። ፔምበርተን የተወለደው በሰሜን በፔንሲልቬንያ ነውና ደቡቦቹ አስቀድሞም ያሙት ነበር። እርሱም የሰሜኖችን ጠባይ ስለሚያውቅ፣ በነጻነት በዓላቸው ቀን የተሻለ ውል ይሰጡኛል ብሎ ጁላይ 4 ቀንን መረጠ። በዚያ ቅዳሜ ጧት መድፉ ዝም አለ። ብዙዎቹ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ከጩኸቱ ይልቅ ያስደነገጣቸው ዝምታው ነበር። ሰዎች ከዋሻ ወጥተው ፀሓዩን ፊት ለፊት ማየት አቅቷቸው ዐይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ።

29,495 የደቡብ ወታደር ዳግመኛ እንዳይዋጋ እየማለና እየፈረመ ተለቀቀ። ወደ ከተማው የገቡት የሰሜን ወታደሮች ስንቃቸውን ከከረጢታቸው እያወጡ ትናንት ሲተኵሱበት ለነበረው ሰው አካፈሉ፤ ግራንት ይህን በማስታወሻው ጽፎታል። ጥቂት ወታደሮች ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደው የሶርድስን ጋዜጣ እንደ ተዘጋጀ አገኙትና፣ ግራንት ጥንቸሉን መያዙን የሚገልጥ ቃል በግርጌው ጨምረው አተሙት። ዛሬ ይህ እትም በየሙዚየሙ ይገኛል።

ቄስ ሎርድ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ከተማዪቱን ለቀው ወደ ደቡቦች አገር ሄዱ። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ዋሻዎቹን የቈፈሩት ሰዎችስ ነጻ ወጡ፤ ነጻነታቸው ግን ጎጆም እንጀራም አልነበረውም። ከየእርሻው በብዙ ሺህ እየተሰደዱ ወደ ቪክስበርግ መጡ፤ በወንዙ ዳር በድንኳንና በዳስ ተከማችተው ፈንጣጣና ተቅማጥ ፈጃቸው። የከበባው መድፍ በ47 ቀን ካጠፋው የከተማ ሰው ይልቅ በሰላም ስም በተሠሩት በእነዚያ ሰፈሮች ያለቀው እጅግ ይበዛል። ቢሆንም ከከተማዪቱ በታች የደቡቦቹ ፕሬዚደንት የጄፈርሰን ዴቪስ ወንድም የጆሴፍ ዴቪስ የነበረውን ሰፊ እርሻ፣ በዚያው ባሪያ የነበረው ቤንጃሚን ሞንትጎመሪ በ1866 ዓ.ም. በ300,000 ዶላር ገዛው። ብዙ ወንዶችም የሰሜን ወታደር ሆነው ጠመንጃ ያዙ።

የቪክስበርግ ዋሻዎች በዝናምና በአዲስ ግንባታ ፈርሰው ጠፍተዋል። በከተማዪቱ ሰሜን በዚያው ቢጫ አፈር ኰረብታ ላይ ግን በ1866 ዓ.ም. የተመሠረተ የወታደሮች መቃብር አለ። በዚያ 17,000 የሚያህሉ የሰሜን ወታደሮች ተቀብረዋል፤ ከእነዚህም ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ጥቍሮች ናቸው። 13,000 ያህሉ ስማቸው አልታወቀም። ስሙ ለታወቀው ከፍ ያለ ድንጋይ ቆሞለታል፤ ስሙ ላልታወቀው ግን ከሣሩ ጥቂት ብቅ ያለች አራት ማዕዘን ድንጋይ ተተክላለች፤ በላይዋም የመቃብሩ ቍጥር ብቻ ተቀርጿል።